አጥንት ቆጠራ፦ የተኩላና የሌሎች አጥቢዎች ዐፅም በአማርኛ እንዴት ይሰየም?

በአማርኛ «አጥንት መቁጠር» ማለት ዘርን ወደ ኋላ እየዘረዘሩ ዝምድናን ማረጋገጥ ማለት ነው። በቀድሞው ሥርዐት የርስት ተካፋይነቱን ለማስረዳት የሚሻ ሰው ከአባቱ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ እየወጣ እስከ መጀመሪያው ባለርስት ድረስ አጥንቱን ይቆጥር ነበር። የቅርብ ዘመድም «የአጥንቴ ፍላጭ፣ የሥጋዬ ቁራጭ» ይባላል። እንግዲህ ቋንቋችን አጥንትን የዝምድና ምስክር አድርጎ ከወሰደው ቆይቷል። የአጥቢዎችን ዐፅም የሚያስተያዩ ሊቃውንትም የሚሠሩት ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ እነርሱ አጥንቱን የሚቆጥሩት በእጃቸው ይዘው መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አጥቢዎች ዐፅም የተጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚገጥመውን ችግር በምሳሌ ማሳየትና የመውጫውን መንገድ ማመልከት ነው። ዋናው ምሳሌያችን ተኩላ ነው። ተኩላን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዐፅሙ ከሰውም ከላምም በመጠኑ ስለሚለይ የአማርኛ ቃላት የት እንደሚበቁና የት እንደሚያጥሩ ያሳያል። ሁለተኛ፣ «ተኩላ» የሚለው ስም ራሱ በአማርኛ አከራካሪ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት የምንሟገትለትን ሐሳብ ባጭሩ እንግለጽ፦ የአጥንት ስም መጽናት ያለበት በአጥንቱ ቦታና ዝምድና ላይ እንጂ በመልኩ ወይም በሥራው ላይ አይደለም።

፩. የቃላቱ ምንጭ

አማርኛ በአጥንት ስም ድኻ አይደለም፤ ችግሩ ስሞቹ ከተለያየ ቦታ የመጡ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ምንጭ የሰው አካል ነው፤ ጉልበት፣ ክርን፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ አገጭ ከዚህ የተገኙ ናቸው። ሁለተኛው ምንጭ የእርድ ቦታ ነው፤ ወርች፣ ፍሪምባ፣ ዳቢት፣ ሽንጥ፣ ታፋ የሚሉት ስሞች የሚታወቁት ከሥጋ ብልት ጋር ነው። ሦስተኛው ምንጭ ግዕዝ ነው። «ዐፅም»ና «አጥንት» ከአንድ ሥር የበቀሉ ሲሆኑ አማርኛ ሥራቸውን ከፋፍሎላቸዋል፤ አጥንት አንዱን ብልት ወይም የተሠራበትን ነገር ሲያመለክት፣ ዐፅም ሥጋው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ሙሉ አካል ያመለክታል። ይህ ክፍፍል ለሳይንስ ቋንቋ የተመቸ ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ከሦስቱ ምንጮች ተርጓሚን በቶሎ የሚያስተው ሁለተኛው ነው። ባለቢላዋው የሚለየው ብልትን እንጂ አጥንትን አይደለም። ፍሪምባ የደረት አጥንትን ከሥጋውና ከስቡ ጋር ያጠቃልላል። ወርች ስንልም ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች የሚሄደውን የፊት እግር ማለታችን ነው፤ በውስጡ ብዙ አጥንት አለ። ቅልጥም ደግሞ በሰው አካል ከጉልበት በታች ያለው የፊት አጥንት ሲሆን፣ በገበታ ላይ መቅን ያለው ረጅም አጥንት ሁሉ በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ለአንድ አጥንት መጠሪያ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ድንበራቸውን መከለል አለበት።

፪. ጉልበት የቱ ነው?

በሬ ሊተኛ ሲል በፊት እግሩ መካከል ያለውን መገጣጠሚያ አጥፎ ይወርዳል፤ «ተንበረከከ» እንላለን፣ የታጠፈውንም ቦታ «ጉልበት» እንለዋለን። የውሻን ወይም የተኩላን የኋላ እግር ስናይ ደግሞ ወደ ኋላ የሾለ መገጣጠሚያ እናገኛለን፤ ብዙ ሰው ይህን «ወደ ኋላ የሚታጠፍ ጉልበት» ይለዋል። ዐፅሙ ሲመረመር ግን ሁለቱም ጉልበት አይደሉም። የበሬው የፊት መገጣጠሚያ ከሰው የእጅ አንጓ ጋር የሚዛመድ ነው። የተኩላው የኋላ ሹል ደግሞ ተረከዝ ነው። ተኩላ የሚራመደው በጣቶቹ ላይ ስለሆነ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ይቀራል። የተኩላ እውነተኛ ጉልበት ከሆዱ አጠገብ፣ ጭኑ በሚያበቃበት ላይ ይገኛል።

ለዚህ ችግር መፍቻ የሚሆን ቃል አማርኛ ራሱ አዘጋጅቶልናል። የጉልበትን ክዳን «ሎሚ» እንለዋለን። በተኩላም፣ በላምም፣ በፈረስም ሎሚ የሚገኘው በኋላ እግር፣ በጭንና በቅልጥም መካከል ባለው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «ጉልበት» ብሎ ከመጻፉ በፊት ሎሚውን ይፈልግ፤ ሎሚ በሌለበት የእነዚህ እንስሳት መገጣጠሚያ ላይ ጉልበት የለም።

ይኸው ቆጠራ ወደ ታች ሲቀጥል የእንስሳቱ ልዩነት እየጎላ ይሄዳል። ሰው በአንድ እጁ አምስት ጣት አለው። ተኩላም በፊት እግሩ አምስት አለው፤ ነገር ግን ከአውራ ጣት ጋር የሚዛመደው አምስተኛው ጣት ከፍ ብሎ ስለሚቀር መሬት አይነካም። በኋላ እግሩ አራት ጣት አለው። ላም የምትቆመው በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት ላይ ነው፤ የእነዚህ የሁለቱ ጣቶች የመዳፍ አጥንቶችም ተዋሕደው አንድ ረጅም አጥንት ሆነዋል። ይህንን አጥንት ርዝመቱንና መቅኑን አይቶ «ቅልጥም» የሚል ተርጓሚ የእጅን አጥንት በእግር አጥንት ስም ጠራው ማለት ነው። ፈረስ ደግሞ በአንዲት በሦስተኛዋ ጣት ላይ ብቻ ይቆማል፤ ሰኮናው የዚያች ጣት ጥፍር ነው።

በላይኛው በኩል የቃል ጉድለት አለ። «ክንድ» በአማርኛ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት መለኪያ ሆኖ ኖሯል፤ ከትከሻ እስከ ክርን ላለው አንድ አጥንት ግን የብቻው ስም ሲጠራ አይሰማም። «የላይ ክንድ አጥንት» ብለን ቦታውን ብንገልጽ ለሰውም ለተኩላም ያገለግላል።

ደረትን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን አጥንት ሌላ ፈተና ነው። የላቲን ስሙ «ትንሽ ቁልፍ» ማለት ነው። ሥራውን አይተን «ድልድይ አጥንት» ብንለው በሰው አካል ትክክል ይሆናል፤ በተኩላ ግን ይህ አጥንት በጡንቻ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ ቅሪት ብቻ ስለሆነ ምንም አያገናኝም። በላምና በፈረስ ጨርሶ የለም፤ የፊት እግራቸው ከደረታቸው ጋር የተያያዘው በጡንቻ ነው። ስለዚህ በሥራው የተሰጠው ስም ከሰው ወደ ተኩላ ሲሻገር ሐሰት ይሆናል። «የአንገት ሥር አጥንት» ብንለው ግን አጥንቱ ቢደክምም ስሙ እውነት ሆኖ ይቀራል።

፫. አከርካሪና ጎድን

«አከርካሪ» በአማርኛ መላውን የጀርባ አጥንት ሰንሰለትም፣ አንዱን ቀለበትም ሊያመለክት ይችላል። በተራ ንግግር ይህ አያሳስትም፤ ቁጥር ሲመጣ ግን ያደናግራል። «ተኩላ ሰባት አከርካሪ አለው» የሚል ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው? ስለዚህ ሰንሰለቱን «አከርካሪ»፣ አንዱን ቀለበት «የአከርካሪ አንጓ» ማለት ይሻላል። አንጓ የሸምበቆውን ክፍልፋይ እንደሚያመለክት ሁሉ ለዚህም የተስማማ ነው።

ይህ ከተለየ በኋላ ቆጠራው ግልጽ ይሆናል። ሰው 7 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ አንጓዎች አሉት። ተኩላ 7፣ 13፣ 7 አለው። ላም 7፣ 13፣ 6 አላት። ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 7፣ 18፣ 6 አለው። እያንዳንዱ የደረት አንጓ አንድ ጥንድ ጎድን ስለሚሸከም የጎድኑም ቁጥር ከዚሁ ይታወቃል፤ የሰው 12 ጥንድ ሲሆን የተኩላ 13 ጥንድ ነው። አንባቢ እንደሚመለከተው ከአራቱ ዝርዝሮች የማይለወጠው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። የቀጭኔ ረጅም አንገት እንኳ ያለው 7 አንጓ ነው፤ የረዘሙት አንጓዎቹ ናቸው እንጂ አልበዙም። ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጡት ስሎዝ የሚባሉት የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ወጪዎችና ማናቲ የተባለው የውሃ አጥቢ ናቸው።

ለተርጓሚ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፦ የተኩላን 13ኛ ጎድን «ትርፍ ጎድን» ማለት ሰውን መለኪያ አድርጎ እንስሳውን በሰው ልክ መስፋት ይሆናል። የሰው ጎልማሳ አጥንት 206 ሲሆን የውሻና የተኩላ ወደ 320 ይደርሳል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ግን የአንዱ አካል ከሌላው በልጦ አይደለም።

፬. መንጋጋ፣ ጥርስና ጆሮ

«መንጋጋ» የሚለው ቃል አጥንቱንም በላዩ የበቀለውንም ጥርስ ይጠራል። «መንጋጋው ወለቀ» ሲባል አጥንቱ ከመገጣጠሚያው መውጣቱ ይሁን ጥርሱ መነቀሉ ካልተጠየቀ አይታወቅም። አጥንቱን «መንጋጋ»፣ ጥርሱን «የመንጋጋ ጥርስ» ብሎ መለየት ግድ ነው። «ክራንቻ» ግን አሻሚነት የሌለው ጥሩ ቃል ስለሆነ እንዳለ ይያዝ።

ተኩላ 42 ጥርስ አለው፤ ሰው 32። ተኩላ በላይኛው መንጋጋ አራተኛው የቅድመ መንጋጋ ጥርስና በታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያው የመንጋጋ ጥርስ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፤ ሥጋና ጅማት የሚቆረጠው በእነርሱ ነው። የራስ ቅሉም ለዚህ ሥራ የተሰናዳ ነው፤ በአናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ሸንተረር የንክሻ ጡንቻ መያዣ ሲሆን፣ የመንጋጋው ማጠፊያ እንደ በር ማጠፊያ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። የምታመሰኳ ላም መንጋጋ ግን ወደ ጎን ይፈጫል። እነዚሁ ሁለት የተኩላ ጥርሶች በሰው አፍ ውስጥ ዘመዶቻቸው አሏቸው፤ እነርሱም የላይኛው ሁለተኛ ቅድመ መንጋጋና የታችኛው አንደኛ የመንጋጋ ጥርስ ናቸው። የእኛዎቹ ይፈጫሉ እንጂ አይቆርጡም። እንግዲህ «መቀስ ጥርስ» የሚል ስም ብናወጣ የሥራ ስም ሆኖ ለሥጋ በሎች ያገለግላል፤ የጥርሱ መደበኛ ስም ግን በቦታውና በተራ ቁጥሩ መሆን አለበት። ሁለቱን ስሞች መያዝ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ነው።

ከመንጋጋ ጋር የተያያዘው ድንቅ ነገር የሚገኘው በጆሮ ውስጥ ነው። አጥቢዎች በመካከለኛው ጆሮ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሏቸው፤ በአማርኛ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። በወፎችና በገበሎ አስተኔዎች ጆሮ ያለው አንድ ብቻ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ካርል ራይኸርት በ1837 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት መዶሻና መስፍ በሌሎቹ ባለ አከርካሪዎች የመንጋጋ ማጠፊያ ከሆኑት አጥንቶች ጋር አንድ ምንጭ እንዳላቸው አሳየ። የመንጋጋ አጥንት የነበረው የመስሚያ አጥንት ሆነ ማለት ነው። በሥራ የሚሰይም ሰው ይህን ዝምድና ሊያየው አይችልም።

እዚህ ላይ «ሦስቱ የጆሮ አጥንቶች ራሳቸው በመልክ የተሰየሙ አይደሉምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እርግጥ ነው። ነገር ግን በመልክ የተሰጠ ስም ለአንድ አጥንት ብቻ ከጸና በኋላ የቦታ ስም ይሆናል። እንቁላል በሚጥሉት አጥቢዎች፣ ማለትም በፕላቲፐስና በኤኪድና፣ ሦስተኛው አጥንት ቀዳዳ የሌለው ዘንግ ነው፤ እርካብን ፈጽሞ አይመስልም። ስሙ ግን ያው እርካብ ነው። መልኩ ስሙን አስገኘው፤ ቦታው አጸናው።

ይህንን ልዩነት በ1843 በግልጽ የደነገገው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ነው። በሁለት እንስሳት ውስጥ መልኩና ሥራው ቢለዋወጥም ያው አንድ የሆነውን ብልት ለብቻ፣ ሥራው ብቻ የሚመሳሰለውን ደግሞ ለብቻ ሰየመ። የመጀመሪያውን በአማርኛ «የአጥንት ዘመድ»፣ ሁለተኛውን «የሥራ አቻ» ብንለው የቋንቋው ልማድ ይደግፈናል። የሌሊት ወፍ ክንፍና የተኩላ የፊት እግር የአጥንት ዘመዶች ናቸው፤ የሌሊት ወፍ ክንፍና የቢራቢሮ ክንፍ ግን የሥራ አቻዎች ብቻ ናቸው።

፭. ፊትና ኋላ

የአቅጣጫ ቃላትም ጥንቃቄ ይሻሉ። ሰው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም «ፊት» የሚለው ደረቱና ሆዱ ያሉበት ወገን ነው። ተኩላ በአራት እግሩ ስለሚቆም ፊቱ ራሱ ያለበት ወገን ሲሆን ሆዱ ወደ ታች ነው። በ1955 በፓሪስ የጸደቀው የሰው አካል ስያሜ «የፊት»ና «የኋላ»፣ «የላይ»ና «የታች» የሚሉትን ይዟል። በ1968 የወጣው የእንስሳት ሕክምና የአካል ስያሜ ግን ለአካሉ አቅጣጫ «ወደ ራስ»፣ «ወደ ጅራት»፣ «ወደ ጀርባ» እና «ወደ ሆድ» የሚሉትን መረጠ። እነዚህ አራቱ በአማርኛ ያለ ምንም ማብራሪያ የሚገቡና በሰውም በእንስሳም የማይገለበጡ ስለሆኑ ለጋራ አገልግሎት ይበልጣሉ።

፮. ተኩላ የትኛው እንስሳ ነው?

እስካሁን «ተኩላ» ስንል በእስያ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖረውን ግራጫ ተኩላ ማለታችን ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ትርጉም ቃሉን ለዚህ እንስሳ አውሎታል፤ «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለውም አነጋገር ከዚያ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ግራጫው ተኩላ በኢትዮጵያ የለም። በአገራችን «ተኩላ» ሲባል የኖረው በመንጋ የሚያድነው ዥንጉርጉር የዱር ውሻ ነው። ይህ እንስሳ በጥርሱ ቁጥር ከግራጫው ተኩላ ጋር ይተካከላል፤ በፊት እግሩ ግን አራት ጣት ብቻ ስላለው በዐፅሙ በቀላሉ ይለያል።

ሦስተኛው በደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1840 በስሜን ተራሮች ስም ሰይሞ ለሳይንስ አስተዋወቀው። ሙዙ ረጅምና ቀጭን፣ ጥርሶቹ፣ ይልቁንም ቅድመ መንጋጋዎቹ፣ ትንንሽና የተራራቁ ናቸው፤ ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ይህ ይስማማዋል። በዚህ መልኩ ምክንያት ጆን ኤድዋርድ ግሬይ በ1868 «ሲሜኒያ» የሚል የብቻው ወገን አወጣለት። በእንግሊዝኛም ለብዙ ዘመን «የስሜን ቀበሮ» ሲባል ቆየ። በ1994 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት ግን ይህ እንስሳ የቅርብ ዝምድናው ከግራጫው ተኩላና ከአሜሪካው ኮዮት ጋር መሆኑን አመለከተ። ዛሬ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚታወቀው «የኢትዮጵያ ተኩላ» በሚለው ስም ነው።

በ2015 የወጣ ሌላ ጥናትም ቀድሞ ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ዝርያ ይባል የነበረውን የአፍሪካውን እንስሳ ለይቶ «የአፍሪካ ተኩላ» አሰኘው፤ እርሱም በኢትዮጵያ ይገኛል። ሁለቱን አንድ ያስመሰላቸው የራስ ቅላቸውና የጥርሳቸው መመሳሰል ነበር። አጥንትም ቢሆን መልኩ ብቻ ሲታይ እንደሚያሳስት ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ተርጓሚው ከእንግሊዝኛ ሲመልስ ቀይ ቀበሮን «የኢትዮጵያ ተኩላ» ይበለው? ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ያህል ብቻ ሲሆን የሚኖረውም እንደ ባሌና ስሜን ባሉ የኢትዮጵያ ደጋዎች ነው፤ ከእረኛውና ከመንጋው ጋር ጎረቤት ነው። ተኩላ በአማርኛ የበግ ጠላት ስም ነው። አይጥና ፍልፈል የሚያድነውን እንስሳ በዚህ ስም ጠርቶ ለደጋው እረኛ «ተኩላን ጠብቅ» ብሎ ማስተማር ትምህርቱን ገና ከቃሉ ማሰናከል ይሆናል። በሌላ በኩል የሳይንስ አንባቢ «ቀበሮ» በሚለው ስም ምክንያት የእንስሳውን እውነተኛ ዝምድና ሊስት አይገባውም። ስለዚህ የእንስሳው መጠሪያ ባለቤቶቹ ያወጡለት «ቀይ ቀበሮ» ይሁን፤ ዝምድናው በሚነገርበት ቦታ «ቀይ ቀበሮ፣ የተኩላ ወገን» ተብሎ ይብራራ። ግራጫው ተኩላ ሲጠራ «ግራጫ ተኩላ»፣ ዥንጉርጉሩ «የዱር ውሻ» ይባል።

፯. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች አስተያየት ቀርበዋል።

ዐፅም፦ የአንድ እንስሳ አጥንቶች በጠቅላላ።
አከርካሪ፦ የጀርባ አጥንት ሰንሰለት በሙሉ።
የአከርካሪ አንጓ፦ የሰንሰለቱ አንድ ክፍል።
የላይ ክንድ አጥንት፦ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው፣ በሰውም በእንስሳም።
የአንገት ሥር አጥንት፦ ደረትና ትከሻ በሚቀራረቡበት የሚገኘው፣ ቅሪትም ቢሆን።
የእጅ አንጓ፦ በአራት እግር እንስሳ የፊት እግር «ጉልበት» የሚባለው መገጣጠሚያ።
ጉልበት፦ ሎሚ ያለበት የኋላ እግር መገጣጠሚያ ብቻ።
ቅልጥም፦ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ዋና አጥንት ብቻ።
መንጋጋ፦ አጥንቱ፤ ጥርሱ ግን የመንጋጋ ጥርስ።
የአጥንት ዘመድ፦ መልክና ሥራው ቢለያይም ምንጩ አንድ የሆነ ብልት።
የሥራ አቻ፦ ምንጩ ቢለያይም ሥራው የተመሳሰለ ብልት።

ከእነዚህ ውስጥ ፈጽሞ አዲስ የሆነ ቃል እንደሌለ አንባቢ ያስተውላል። ሁሉም በገበሬው፣ በእረኛውና በባለቢላዋው አፍ ያሉ ናቸው፤ የተጨመረው ድንበር ብቻ ነው። ወፍጮ፣ ወንፊትና ሞሰብ በአንድ ቤት ሳሉ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ እንዳለው ሁሉ፣ ለአጥንት ስሞችም ቦታ ቦታቸውን መስጠት የስያሜ ሠራተኛ ድርሻ ነው።